የስም ድምፅና የሰው ጠባይ

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የቡና ላይ ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም አንድ ሰው የሚጠራበት የመጀመሪያ ስሙ፣ ትርጉሙ ቀርቶ ድምፁ ብቻ፣ የባለቤቱን ጠባይ ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚለው ነው። ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት የምለምናችሁ ግን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በእኛ አገር ሰው በገዛ ስሙ የሚጠራ በመሆኑ ነው። ፈረንጁ ሹም በመሥሪያ ቤቱ የሚጠራው በቤተ ሰቡ ስም ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያ ስሙን አዘውትረው የሚጠሩት ሚስቱና ወዳጆቹ ናቸው። በእኛ ዘንድ ግን ሚኒስትሩም ዘበኛውም ወላጆቹ ባወጡለት ስም «አቶ ከበደ» ተብሎ ይጠራል፤ በዚያው ድምፅ ያድጋል፣ ይቀጠራል፣ ይሾማል፣ ጡረታም ይወጣል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን ሰው ስም በየቀኑ በማመልከቻ ላይ እያነበባችሁ፣ ፊቱን ሳታዩ በጉዳዩ ላይ የምትፈርሙ መሆናችሁ ነው። ስሙ በጆሮአችሁ ውስጥ ምን እንደሚሠራ መመርመር እንግዲህ ከሥራችሁ የራቀ ነገር አይደለም።

ነገሩን በሰው ስም ከመጀመሬ በፊት በሰፈር ስም ላስረዳ፤ ሰፈር አይቀየምምና። በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለቡ የሚባል ሰፈር አለ። ወደ መሀል ከተማው ሲመጡ ደግሞ ቂርቆስ የሚባል አለ። ሁለቱንም አይቶ የማያውቅ አንድ እንግዳ ይምጣና እንዲህ ብለን እንጠይቀው፤ «አንደኛው ሰፈር ሜዳማና ጸጥ ያለ፣ ሁለተኛው ዳገትና ጠባብ መንገድ የበዛበት ነው ብንልህ፣ ለቡ የትኛው ይመስልሃል? ቂርቆስስ?» እንግዳው ለቡን ለሜዳው፣ ቂርቆስን ለዳገቱ እንደሚሰጥ እገምታለሁ። «ለ» ምላስን ሳታስቸግር ተንሸራታ የምትወጣ ድምፅ ናት፤ «ቡ» ከንፈርን አሞጥሙጣ አፍን ታድቦለቡላለች። «ቂ»ና «ቆ» ግን ትንፋሽ በጉሮሮ ታግቶ በድንገት የሚፈነዳባቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ለቡ በዛሬው ጊዜ ፎቅ የሚገነባበት፣ የከባድ መኪና ጩኸት የሚሰማበት፣ የባቡርም ፉጨት ያልራቀው ሰፈር ነው። ቂርቆስም ስሙን ያገኘው ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕትነትን ከተቀበለው የ3 ዓመት ሕፃን ነው። ከዚያ ሾጣጣ ድምፅ በስተ ጀርባ ያለው ገና ተኰላትፎ የሚናገር ልጅ መሆኑን ያ እንግዳ ከየት ሊያውቅ ይችላል?

የእንግዳውን ግምት ግን እንደ ተራ ቀልድ አድርገን አንለፈው፤ በዓለም ላይ ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ጉዳይ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቮልፍጋንግ ኮለር እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ አንዱ ድቡልቡል፣ ሌላው ባለ ብዙ ጫፍ የሆኑ ሁለት ሥዕሎችን አቅርቦ፣ የትኛው «ባሉማ»፣ የትኛው «ታኬቴ» ሊባል እንደሚገባው አንባቢውን ጠየቀ። በ1947 እትም «ባሉማ» የሚለውን ለውጦ «ማሉማ» አለው። ቃላቱ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የላቸውም ተብለው የተፈጠሩ ሲሆኑ፣ ሰዎች ግን ሳያመነቱ ድቡልቡሉን ማሉማ፣ ሹሉን ታኬቴ ይላሉ። ራማቻንድራንና ሃባርድ የተባሉ ሊቃውንትም በ2001 ያንኑ ጥያቄ «ቡባ»ና «ኪኪ» በሚሉ ቃላት አድሰው አቀረቡት። ለቡና ቂርቆስ ከቡባና ከኪኪ ጋር እንዴት እንደሚቀራረቡ ልብ በሉ! በ2021 ይፋ በሆነ ሌላ ምርመራ ደግሞ 25 ቋንቋዎችን የሚናገሩ 917 ሰዎች ተጠይቀው፣ ከመቶ 72 እጅ የሚሆነው መልስ ቡባን ከድቡልቡሉ፣ ኪኪን ከሹሉ ጋር ያገናኘ ሆኖ ተገኝቷል። በሩማንያኛ፣ በቱርክኛና በማንደሪን ቻይንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ግን ነገሩ ሳይጸና ቀርቷል።

አማርኛ ከነዚያ 25 ቋንቋዎች መካከል አልነበረም። እኛ ግን ቋንቋችንን በገዛ ጓዳችን ልንመረምረው እንችላለን። አማርኛ «አለ» በሚለው ግሥ እየተረዳ የነገርን ድምፅ በቃል መቅረጽ ይወዳል። ጠመንጃ ሲተኰስ ጧ ይላል፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ቋ ይላል፤ ግንድ ሲወድቅ ድም ይላል። የደከመ ፋኖስ ጭል ጭል ይላል። እጅግ ትንሽ የሆነውን ነገር ሚጢጢ ስንለው ከንፈራችን ራሱ ይጠባል። ሊጥ በእጅ ሲሽከረከር ድቡልቡል ይሆናል፤ ለቡሄ የሚጋገረውም ዳቦ ሙልሙል ነው። እነዚህን የሰማ ሰው ኮለር ትክክል ነው፣ ድምፅ የነገር ጥላ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን እዚያው ጓዳ ውስጥ ትንሽ ዘወር ብንል ሌላ ምስክር እናገኛለን። «ጣፋጭ» የሚለውን ቃል አድምጡት። በ«ጠ» ይጀምራል፣ በ«ጨ» ይዘጋል፤ ሁለቱም ታፍነው የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። በኮለር ሚዛን ቢመዘን ኖሮ ይህ ቃል የእሬት ስም መሆን ነበረበት። «መራራ» ደግሞ አንድም የሚቈረቍር ድምፅ የሌለበት፣ በምላስ ላይ የሚንከባለል ቃል ነው፤ «ማር» ከሚለውም ጋር በፊደል ወንድማማች ነው ለማለት ይቻላል፤ ትርጉሙ ግን ከማር እጅግ የራቀ ነው። «ሹል» የሚለው ቃል ሹልነት የለውም፤ «ስለት»ም አይቈርጥም። ወደ ጠባይ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ጥሩ፣ ቅን፣ ጻድቅ፣ ጨዋ፣ ጸጋ፣ ፍቅር የሚሉት ቃላት ሁሉ እነዚያን ጠንካራ ድምፆች ይዘዋል። ሌባ፣ ወራሪ፣ ወንበዴ፣ ሐሜተኛ የሚሉት ግን እንደ ቅቤ ለስላሶች ናቸው። እንግዲህ የአማርኛ ድምፅ በራሱ ደግነትን ወይም ክፋትን የሚያመለክት ቢሆን ኖሮ፣ ቋንቋችን ከአንድ ሺሕ ጊዜ በላይ ተሳስቷል ማለት ነው።

የሰውን ስም በሚመለከት በቅርቡ የተደረገውን ምርመራ ላንሣ። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ዴቪድ ሲዱና ፔኒ ፔክስማን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2019 ያሳተሙት ጥናት ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ መርምሯል። የመጀመሪያው፣ ሰሚው ስለ ባለ ስሙ ምን ይገምታል? የሚል ነው። እንደ ሞናና እንደ ኦወን ያለውን ለስላሳ ስም የሰሙ ሰዎች ባለ ስሙ ርኅሩኅ፣ ተግባቢና ኀላፊነት የሚሰማው ነው ብለው ገመቱ፤ እንደ ኬቲና እንደ ከርቲስ ያለውን ስለታም ስም ሲሰሙ ግን ባለ ስሙ ተጫዋችና በሰው መካከል የሚደምቅ ነው አሉ። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ባለ ስሞቹ በርግጥ እንዲያ ናቸውን? የሚል ነው። ከ1,000 በላይ የሆኑ ሰዎች ጠባያቸው በመጠይቅ ተመርምሮ ከስማቸው ድምፅ ጋር ሲነጻጸር አንዳች ዝምድና አልተገኘም። ስለዚህ ሰሚዎቹ እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል፤ ከባለ ስሞቹ ጋር ግን አልተገናኙም። የስም ድምፅ ጠባይን የሚገልጽ ከሆነ፣ የሚገልጸው የሰሚውን ነው ብዬ የማምነው ከዚህ በመነሣት ነው፤ ከዚህ በኋላ የምናገረውም ይህንኑ ከአገራችን ነገር ጋር የሚያገናዝብ ነው።

የእኛ አባቶች ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ነበራቸው፤ አንደኛው የደብተራ፣ ሁለተኛው የጦር ሰው። ደብተራው ዐውደ ነገሥቱን ገልጦ የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደል በቍጥር ይለውጣል፤ ደምሮም በ12 ይገድፋል። በተረፈው ቍጥር ከሐመል እስከ ሑት ካሉት 12 ከዋክብት አንዱን ይሰጠዋል፤ ኮከቡም እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ ወይም ውሃ ስለ ሆነ የሰውየው ጠባይ፣ ትዳሩና ሀብቱ ከዚያ ይነበባል። ይህ አሠራር ብዙ ሰው እንደሚመስለው የድምፅ ጥበብ አይደለም፤ የሚቈጠረው የተጻፈው ፊደል እንጂ የተሰማው ድምፅ አይደለምና። ኃይሉ የሚባለውን ሰው አንዱ ጸሐፊ በብዙኃኑ «ኀ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሀ» ይጽፈዋል፤ ጆሮ ልዩነቱን አይሰማም። ቈጣሪው ግን ከመደመሩ በፊት የትኛውን እንደሚቈጥር መቍረጥ አለበት። የመዝገብ ቤት ሠራተኞቻችን ፊደል አያያዝ እንዴት እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ የሰው ዕድል በዚህ ላይ እንዳይንጠለጠል መጸለይ ይገባዋል።

የጦር ሰው መልስ ለጆሮ የቀረበ ነው፤ እርሱም የፈረስ ስም ነው። ሰው በተወለደ ጊዜ የወጣለት ስም ለጦር ሜዳ አይበቃም ተብሎ «አባ» የሚል ሌላ ስም ይጨመርለታል፤ ይህም ስም በፉከራ የሚጮኽ፣ ከሩቅ የሚሰማ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ጠቅል፤ ሦስቱም ትእዛዞች ናቸው፤ የ«ጠ»ና የ«ቀ» ፍንዳታም በሁለቱ ላይ አለ። የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አባ ኮስትርም ፊትን የሚያጨፈግግ ድምፅ አለው። እስከዚህ ድረስ ለንድፈ ሐሳቡ የሚመች ነው። ይሁንና በ1888 ዓ.ም. ጦሩን ወደ ዐድዋ የመሩት ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ፤ በዚህ ስም ውስጥ የሚፈነዳ ነገር የለም። ለብዙ ዓመት የጦር ሚኒስትር የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ደግሞ አባ መላ ናቸው። መላ! ከዚህ የለሰለሰ ቃል በአማርኛ ማግኘት ያስቸግራል፤ ነገር ግን በዘመናቸው ከእርሳቸው የበለጠ የተፈራ ሰው ጥቂት ነበር። የፈረስ ስም ያወጣ ሰው ድምፁን ሳይሆን ትርጉሙን መረጠ ማለት ነው፤ መላ አዋቂነታቸው ታይቶ አባ መላ ተባሉ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይታወሰኛል። ማሞ የሚለው ስም ኮለር ከፈጠረው ከማሉማ ጋር መንትያ ነው ቢባል ይቻላል። ለትንሽ ልጅ የሚሰጥ የቁልምጫ ስም ነው፤ በተረታችንም ውስጥ ሞኙ ሰው ማሞ ቂሎ ነው። በድምፅ ብቻ ብንፈርድ ማሞ የተባለ ሰው ከእናቱ ቀሚስ ሥር የማይወጣ መሆን ነበረበት። ማሞ ወልዴ ግን የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ከሰላም አስከባሪው ጦር ጋርም ወደ ኮርያ ዘምቷል። የዚያ ጦር ስም ቃኘው ነው፤ ይህም ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የተወሰደ ነው። ማሞ በቃኘው ውስጥ ሆኖ ሲዘምት ማየት ለድምፅ ሊቃውንት ፈተና ነው። በኋላም በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ፣ ያን ከባድ የማራቶን ውድድር አሸነፈ። ከእርሱ በፊት በ1952 ዓ.ም. በሮማ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶክዮ ያሸነፈውም ሰው ስሙ አበበ ነው፤ ትርጉሙም የአበባ ነገር ነው። የአባቱ ስም ቢቂላም በኦሮምኛ ከመብቀል ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ ስም ውስጥ የብረት ድምፅ የሚሰማ ካለ፣ የሰማው ከሩጫው በኋላ ነው።

ስለ ስሞቻችን ድምፅ ሌላም የሚነገር ነገር አለ፤ ይኸውም አብዛኛው ድምፅ የሚመጣው ከሰዋስው መሆኑ ነው። ከበደ፣ በቀለ፣ ዘለቀ፣ ለማ፣ ተፈራ የሚባሉት የወንድ ስሞች በመካከላቸው ጠበቅ ብለው የሚነገሩት ባለቤቶቻቸው ጠንካሮች ስለ ሆኑ አይደለም። ስሞቹ ኀላፊ ግሦች ናቸው፤ ኀላፊ ግሥም በአማርኛ መካከሉ ይጠብቃል። እንደዚሁም በላይነሽ፣ ጥሩነሽ፣ ዘነበች፣ ዘውዲቱ የሚሉት የሴት ስሞች መጨረሻቸው ላይ የሚሰማው «ሽ»፣ «ች» ወይም «ቱ» የሴት አንቀጽ ምልክት ነው እንጂ የባለቤቲቱ ጠባይ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ስሞችም ሌላ ታሪክ አላቸው። ጴጥሮስ፣ ቂርቆስ፣ ማርቆስ፣ ቆስጠንጢኖስ ሲባል የሚሰማው ፍንዳታ ከጽርእ ወደ ግዕዝ ሲሻገሩ የተጨመረ ነው። ግሪኮች ያለ ትንፋሽ የሚናገሯቸውን ድምፆች የእኛ ሊቃውንት «ጰ»፣ «ጠ» እና «ቀ» አድርገው ሰምተው ጻፏቸው። ስለዚህ የአንዱ ጴጥሮስ ስም በአቴናና በአዲስ አበባ የተለያየ ድምፅ አለው፤ ድምፁ ጠባይን የሚወስን ከሆነ፣ ሰውየው አውሮፕላን በተሳፈረ ቍጥር ጠባዩ መለወጥ አለበት።

ስማችን ከሁሉ በላይ የሚለወጠው ደግሞ በጠሪው አፍ ነው። ጥሩነሽን እናቷ ጥሩዬ ስትላት ያው «ጥ» እንደ ፈነዳ አለ፤ ስሙን ያለሰለሰው «የእኔ» የሚለው ጭማሪ ነው። ተስፋዬ በጓደኞቹ መካከል ተስፍሽ ይሆናል። ያንኑ ተስፋዬ አለቃው በኮሪደር ላይ አባብሎም ቈጥቶም ሲጠራው ፊደሉ አልተለወጠም፤ ተስፋዬ ግን ገና ዞር ሳይል የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል። ሰው የገዛ ስሙን የሚናገረው ራሱን ሲያስተዋውቅ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ሰሚ ነው።

አሁን ወደ ለቡ ልመልሳችሁና ባቡሩን እንሳፈር። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የአዲስ አበባው ጣቢያ ፉሪ ለቡ ተብሎ ተሰየመ። ከዚያ ተነሥቶ በአዳማና በድሬዳዋ በኩል አድርጎ ጅቡቲ እስኪደርስ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ መሥመር ላይ የብዙ ቋንቋ ሰዎች ይኖራሉ። በዝናብ ቀን የተወለደው አማራ ዘነበ ይባላል፤ በዝናብ ቀን የተወለደው ኦሮሞ ሮባ ይባላል፤ በዝናብ ቀን የተወለደው ሶማሌ ሮብሌ ይባላል። ለሦስቱም ወላጆች ዝናብ በረከት ነው፤ ሦስቱም ስም ያንኑ ምስጋና ይናገራል። አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ጆሮ ግን ዘነበ ትርጉም ነው፤ ሮባና ሮብሌ ድምፅ ናቸው። በለቡ ጣቢያ ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ባቡር ቢጠብቁ፣ ስም የሚጠራው ሠራተኛ አንዱን እንደ ሰው፣ ሁለቱን እንደ ድምፅ ይሰማቸዋል ማለት ነው። ወላጅ በዝናብ የተደሰተበትን ቀን ያልሰማ ጆሮ ከድምፁ የሆነ ጠባይ ፈጥሮ መሙላት ይጀምራል።

ይህ ነገር በአገራችን ዋጋ አስከፍሏል። ባለፈው ምዕተ ዓመት ከየአውራጃው ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት የመጡ ብዙ ልጆች ስማቸው ለአፍ አይመችም ተብሎ በመዝገብ ላይ ሌላ ስም ተጽፎላቸዋል፤ አንዳንዶቹም እንዳይሣቅባቸው ብለው ራሳቸው ለውጠውታል። ጫልቱ የሚለውን የኦሮሞ ስም እንውሰድ። «የምትበልጥ፣ የምትልቅ» ማለት ነው። በአማርኛም ልክ ይህን የሚል ስም አለን፤ ትብለጥ ይባላል። ትብለጥ የምትባለውን ሴት አንድም ሰው ስምሽን ለውጪ አላላትም። ሁለቱ ስሞች በምኞት አንድ ናቸው፤ በድምፅም ቢሆን «ጨ» ከ«ጠ» የባሰች ሻካራ አይደለችም። ጫልቱ የተቸገረችው በድምፁ ሳይሆን ትርጉሙን ለማወቅ ባልደከመው ሰሚ ነው። «ለአፍ አይመችም» የሚባለው ምክንያት እኔን የሚያሳምነኝ አይደለም፤ ቆስጠንጢኖስ ለማለት የቻለ አፍ ጫልቱ ለማለት አያቅተውም።

የሌላውም አገር ሰው ከእኛ አልተሻለም። በአሜሪካ ቤርትራንድና ሙላይናታን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት 5,000 ያህል የሥራ ማመልከቻዎችን አዘጋጅተው በቦስተንና በቺካጎ ለሚገኙ ቀጣሪዎች ላኩ፤ ውጤቱንም በ2004 አሳተሙ። ማመልከቻዎቹ በትምህርትና በልምድ ተመሳሳይ ሲሆኑ የተለያዩት በስም ነው። እንደ ኤሚሊና እንደ ግሬግ ያለ የነጭ የሚመስል ስም ያለባቸው፣ እንደ ላኪሻና እንደ ጀማል ያለ የጥቍር የሚመስል ስም ካለባቸው ይልቅ ከመቶ 50 እጅ የበለጠ ጥሪ አገኙ። በድምፅ ቢሆን ኖሮ ጀማል በቀዳሚነት መጠራት ነበረበት፤ «መ»ና «ለ» ያሉበት፣ ከማሉማ ጋር የሚዛመድ ስም ነውና፤ በዐረብኛ ትርጉሙም ውበት ነው። ቀጣሪው ግን የሰማው ጀማልን ሳይሆን በልቡ ያለውን ነገር ነው። በኢትዮጵያውያን ዘንድም በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ለልጃቸው ስም ሲያወጡ ለአያቲቱም ለአስተማሪውም የሚመች ድምፅ የሚፈልጉት ይህን ስለሚያውቁ ነው፤ ሣራ፣ ዳዊትና ናሆም እዚያ የበዙት ስለ ሃይማኖት ብቻ አይመስለኝም።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን ብሂላችንን ያላነሣሁት ረስቼው አይደለም። ለዚህ ብሂል የሚቀርበውን ማስረጃ ያገኙት የእስራኤል ተመራማሪዎች ናቸው። በ2017 ባወጡት ጥናት፣ የማያውቁትን ሰው ፎቶግራፍ ያዩ ሰዎች ከቀረቡላቸው ጥቂት ስሞች መካከል እውነተኛውን ስም በግምት ብቻ ከሚገኘው በላይ አዘውትረው መረጡ። ሰው ስሙን ይመስላል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ መልአኩ የተረጋገጠለት ይመስል ነበር። በ2024 ግን ያንኑ ምርመራ በሕፃናት ፎቶግራፍ ቢደግሙት አልሠራም፤ ልጆች ስማቸውን አይመስሉም። ሲያድጉ ይመስላሉ። ስሙ ሲወጣ በሕፃኑ ፊት ላይ አንዳች ነገር አልነበረም፤ በየዓመቱ ስሙን የሚጠሩት ሰዎች ከስሙ ጋር የሚጠብቁትን ነገር አብረው እየጠሩ፣ ልጁም ጠጕሩን ሲያበጥር፣ ፈገግ ሲል፣ ሲኰሳተር ያንን እየተቀበለ አደገ። በእኛ አገር ምትኩና ካሣ የሚባሉ ልጆች ከመወለዳቸው በፊት በሞተ ወንድም ወይም እኅት ምትክ ተጠርተው ያድጋሉ፤ ማስረሻም እንዲሁ ነው። ስማቸው የእናታቸውን ኀዘን እንጂ የእነርሱን ጠባይ አይናገርም፤ ነገር ግን ይህን ስም በቀን ሃያ ጊዜ የሚሰማ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚያድግ ማሰብ ከባድ አይደለም።

በእንግሊዝ አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ2015 ጀምሮ የአመልካቹን ስም ከመራጮች ዓይን ሸፍነው ማመልከቻ ማጣራትን ተቀብለዋል። ለእኛ ይህ ይሠራልን? እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ይሠራል፤ ለጽሑፍ ፈተና ቍጥር መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። ባለ ጉዳዩ አንድ ቀን በመስኮቱ ፊት መቆሙ አይቀርምና ስሙ መጠራት አለበት። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ ስለማያሳይ፣ በወረቀት ላይ ያለው ስም አማርኛ እንኳ ቢሆን በትክክል የሚታወቀው ከባለቤቱ አፍ ነው፤ የሌላ ቋንቋ ስም ሲሆንማ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ስምዎ እንዴት ይባላል? ምን ማለት ነው?» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ማኅተም ከመምታት አይበልጥም፤ ጫልቱና ሮብሌም መልሱን ለመስጠት ሲሰለቹ አላየሁም።

የተሰጠኝ ጊዜ ስላለቀ በዚሁ አቆማለሁ። ደኅና አምሹ።